አሮጌዋን ፒክ አፕ እንዴት እንዳደስናት

(በጉባኤዎች ተወካዮችና በፕሮጀክት ሠራተኞች የጋራ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ቀን ስለ አንዲት መኪና እንድንናገር ተጠይቀናል። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ለዚህች መኪና መግዣ ከኪሳችሁ አዋጥታችኋል። ሌሎቻችሁም በአቧራ ውስጥ ተሳፍራችሁባታል፤ በጭቃ ውስጥም ገፍታችኋታል። ስለዚህ ሂሳቡን ልንሰጣችሁ ይገባናል። ሂሳብ ስንልም የብሩን ብቻ አይደለም፤ ያጠፋነውንም ጭምር ነው።

መኪናዋ ላንድ ክሩዘር ፒክ አፕ ናት። የቶዮታ ኩባንያ ይህን ባለ 70 ቁጥር ዓይነት ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በእኛዋ ላይ ያለው ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር የሆነው የናፍጣ ሞተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣ ነው። የመረጥናትም በሦስት ምክንያት ነበር። አንደኛ፣ ሞተሯ ያለ ተርቦ የተሠራ ቀላል ሞተር ነው፤ ኮምፒውተር የለውም። ሁለተኛ፣ በአራቱም ጎማ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ድንጋይና ጉድጓድ ትችላለች። ሦስተኛ፣ በየወረዳው ከተማ ያለ መካኒክ ያውቃታል፤ መለዋወጫዋም አይጠፋም። ምርጫችን ትክክል ነበረ። ስሕተታችን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በተገዛች ጊዜ ዕድሜዋ ከሃያ ዓመት በላይ ነበረ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ መሥራት ካቆመ ቆይቶ ስለነበር ምን ያህል መንገድ እንደ ሄደች የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቀለሟ ተልጦ፣ የስፖንዳዋ ላሜራ ዝጎ፣ ወንበሯም ተቀዶ ነበር። እኛም ዓይናችን ያየውን ማስተካከል ጀመርን። ቀለም አስቀባናት። ከፊቷ ወፍራም የብረት መከላከያ አስበየድንላት። በጋቢናዋ ጣሪያ ላይ የዕቃ መጫኛ ብረትና አራት ተጨማሪ መብራት አቆምን። ከኋላዋ መሰላልና ሁለት ተለዋጭ ጎማ አሰርን። የምትሄድበት መንገድ አስቸጋሪ ስለሆነ ከፍ እንድትል ብለን በኋላ ባሌስትራዎቿ ላይ ተጨማሪ ቅጠል አስገባን። ከዚያም ፎቶግራፍ አንሥተን በዚህ መጽሔታችን ላይ አወጣነው። ብዙዎቻችሁ «እንዴት አምራለች!» ብላችሁ ጻፋችሁልን፤ እኛም ደስ አለን።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል የምርጥ ዘር ጭነን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን። መንገዱን የምታውቁት ታስታውሱታላችሁ። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ድረስ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ወንዙን ከተሻገሩም በኋላ እስከ ደጀን ድረስ ተመሳሳይ ዳገት ይጠብቃል። በጋቢናው ውስጥ ሦስት ሰዎች፣ በዘሩ ላይ ደግሞ አምስት ሰዎች ነበርን። ከቁልቁለቱ እኩሌታ ላይ ሹፌራችን ፍሬን ሲይዝ መርገጫው ምንም ሳይከብደው እስከ ወለሉ ድረስ ወረደ። ደጋግሞ ረገጠ፤ ፍሬኑ እምቢ አለ። ከባድ ማርሽ ለማስገባት ሞከረ፤ ነገር ግን ፍጥነቱ ካለፈ በኋላ ስለነበረ ማርሹ አልገባም። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን የተቆረጠ ዓለት ነበረ። ሹፌሩ መኪናዋን ወደ ዓለቱ አስጠጋት። ጎኗ በድንጋይ እየተፋቀ ጥቂት ሄዳ ቆመች። በጭነቱ ላይ የነበረው የግምጃ ቤት ሠራተኛችን ከላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። የቀረነው ተረፍን። ይህ ወንድማችን ዛሬ ከእኛ ጋር በዚህ ስብሰባ ተቀምጧል። ነገሩን ሳንደብቅ እንድንናገር የጠየቀንም እርሱ ነው።

መኪናዋን አስጎትተን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። የተቀበሉን አዛውንት መካኒክ መጀመሪያ የፍሬን ዘይቱን በትንሽ ብርጭቆ ቀድተው አሳዩን። እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ነበር።

«ልጆቼ፣ ይህ ዘይት የተለወጠው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

«ቀለሟንስ የቀባችኋት መቼ ነው?» አሉን። ይህንንማ ቀኑን ቆጥረን እናውቅ ነበር። እርሳቸውም ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ በአራት ወር ውስጥ ከእኒህ ሰው የተማርነውን ለእናንተ ማካፈል እንወዳለን። ምክንያቱም በየፕሮጀክቱ እንዲህ ያሉ አሮጌ መኪናዎች አሉ፤ ወደፊትም ይገዛሉ።

መጀመሪያ፣ ፍሬኑ ለምን እምቢ እንዳለ እንናገር። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ይህ መጠን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ተይዞ ሲወረድ ብረቱ ይግላል፤ አሮጌው ዘይት ይፈላል፤ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ ሲገፉት ይገፋል፤ እንፋሎት ግን ሲገፉት ይጨመቃል። መርገጫው እስከ ወለሉ የሚወርደው ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚህም ሌላ የኋላውን ታምቡር ስንከፍተው ከአክሱ ዘይት ፈስሶ የፍሬኑን ሸራ አርሶት አገኘን። የዘይት መከላከያው ጎማ አርጅቶ ነበር። ዋጋው ከአንዱ መብራታችን ዋጋ በጣም ያንስ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረን ግን ሌላ ነገር ነው። በብዙ የዚህ ዓይነት ፒክ አፖች ላይ፣ ወደ ኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት እንደ ጭነቱ ክብደት የሚያስተካክል ትንሽ ቫልቭ አለ። ቫልቩ ጭነት መኖሩን የሚያውቀው መኪናዋ በባሌስትራዋ ላይ ዝቅ ስትል ነው። እኛ ግን ባሌስትራውን ከፍ ስላደረግነው ሙሉ ጭነት ተሸክማ እያለች ቫልቩ ባዶ መሰለችው፤ ለኋላ ፍሬኖቿም የሚገባቸውን ግፊት ሳይሰጥ ቀረ። ስለዚህ አሻሻልናት ብለን የሠራነው ሥራ ራሱ ፍሬኗን አደከመው።

ቀጥሎም መካኒኩ የጨመርነውን ብረት ሁሉ እንድናወርድ አዘዙን። የፊቱን መከላከያ፣ የጣሪያውን ብረት፣ መሰላሉን፣ ሁለተኛውን ተለዋጭ ጎማ፣ መብራቶቹን አወረድን። ከዚያም እህል በምንመዝንበት ሚዛን ላይ አስቀመጥናቸው። ሁለት ኩንታል ሞሉ። ይህም ማለት መኪናዋ አንድ ጆንያ ዘር ሳይጫንባት ሁለት ኩንታል ጌጥ ተሸክማ ስትጓዝ ከርማለች ማለት ነው። አንዲት መኪና ልትሸከም የምትችለው ክብደት የተወሰነ ነው። በላይዋ የምንጨምረው ዕቃ ሁሉ ለገበሬው ከምናደርሰው ላይ የሚቀነስ ነው።

እንግዲህ እድሳቱ የተሠራበትን ቅደም ተከተል እንንገራችሁ። አዛውንቱ ሰው ሥራውን እንዲህ ከፈሉት፦ መጀመሪያ መቆም፣ ቀጥሎ መታጠፍ፣ ከዚያ አለመጋል፣ ከዚያ መሸከም፣ በመጨረሻም መሄድ።

መቆም ሲሉ ፍሬንን ማለታቸው ነው። ዘይቱ በሙሉ ተለወጠ፤ የጎማ ቱቦዎቹ ተቀየሩ፤ ሸራው ታደሰ፤ የዘይት መከላከያዎቹ ተተኩ፤ ተጨማሪው ባሌስትራ ወጣ፤ ቫልቩም እንደ ገና ተስተካከለ።

መታጠፍ ሲሉ መሪውንና የፊት አክሱን ነው። የመሪው ሣጥን የታሰረበት የሻንሲ ክፍል በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ ስንጥቅ እንዳለበት በብርሃን ተመረመረ። ሻንሲው በሙሉ በመዶሻ ተመታ፤ ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮኻል፤ በዝገት የተበላ ብረት ድምፁ ይታፈናል። በፊት ጎማዎቹ መታጠፊያ ውስጥ ያለው ግራሶም ከዲፈረንሻል በመጣ ዘይት ቀጥኖ እንደ ሾርባ ሆኖ ተገኘ። ይህ በነዚህ መኪናዎች ላይ የተለመደ በሽታ ነው። የውስጥ መከላከያ ጎማው ተለውጦ፣ ኩሽኔታዎቹ ታጥበው፣ በአዲስ ግራሶ ተሞሉ።

አለመጋል ሲሉ ራዲያተሩን ነው። ራዲያተሩ ወርዶ ታጠበ፤ የውኃ ቱቦዎቹና ቴርሞስታቱ ተለወጡ። በዚህ ጊዜ የሞተሩ የታይሚንግ ቺንጊያ አብሮ ተለወጠ። ይህ ቺንጊያ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ አለበት። ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ ሞተሩም ይጎዳል። ቆጣሪዋ የማይሠራ አሮጌ መኪና የገዛ ሰው «ምናልባት ተለውጦ ይሆናል» ብሎ ተስፋ ማድረግ የለበትም። በመጀመሪያው ሳምንት ይለውጠው፤ ቀኑንም በወረቀት ጽፎ በኮፈኑ ሥር ይለጥፈው።

መሸከም ሲሉ ባሌስትራዎቹን ነው። የተሰበሩት ቅጠሎች ተለወጡ፤ የላሉት የማያያዣ ብሎኖች ጠበቁ፤ ከፋብሪካው ከታሰበው በላይ ግን አልተጨመረም።

በመጨረሻም መሄድ። በዚህ ላይ ክርክር ነበረብን። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር በባሕር ጠረፍ ካለው ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል፤ ምክንያቱም አየሩ ሳስቷል። ስለዚህ ከእኛ መካከል «ተርቦ እናስጨምርላት» ያሉ ነበሩ። አዛውንቱ ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብለው ሳቁ። ይህ ሞተር ለተርቦ ታስቦ የተሠራ አይደለም፤ ተርቦ ተጨምሮበት ናፍጣ ሲበዛበት ፒስተኑና ቴስታታው ከሚችሉት በላይ ይግላሉ። ዘገምተኛ ሆና ዳገቱን የምትወጣ መኪና ከዳገቱ እኩሌታ ላይ ከምትቀር ፈጣን መኪና ትሻላለች። ተርቦው ቀረ።

ይህ ማለት ግን ለአስቸጋሪ መንገድ ምንም አልጨመርንላትም ማለት አይደለም። ጥቂት ነገሮች ጨምረናል፤ ሁሉም ርካሽና ቀላል ናቸው።

አንደኛው ቀጭን የጎማ ቱቦ ነው። በእያንዳንዱ አክስ ላይ ሙቀት ሲነሣ አየር የሚወጣባት ትንሽ መተንፈሻ አለች። የጋለ አክስ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ አየሩ ይኮማተራል፤ አክሱም ውኃ ወደ ውስጡ ይስባል። ውኃና ዘይት የተቀላቀለበት ዲፈረንሻል ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ከመተንፈሻዋ ላይ ቱቦ አያይዘን እስከ ኮፈኑ ሥር ድረስ ወደ ላይ አወጣነው።

ሁለተኛው የአየር መሳቢያ ቧንቧ ነው፤ በጋቢናው ጎን እስከ ጣሪያው ይወጣል። ብዙ ሰው ይህ ለወንዝ መሻገሪያ ብቻ ይመስለዋል። ለእኛ ይበልጥ የጠቀመን በበጋ ነው፤ ከጣሪያ ከፍታ የሚሳበው አየር ከጎማ ሥር ከሚነሣው አቧራ የጸዳ ስለሆነ ማጣሪያው ቶሎ አይዘጋም።

ሦስተኛው ጎማ ነው። ጥሩ ጥርስ ያላቸው፣ ቀጭን፣ ፋብሪካው ባዘዘው በ7.50 በ16 መጠን የሆኑ አምስት ጎማዎች ገዛን። ከእነርሱም ጋር የእጅ ፓምፕና የአየር መለኪያ። በአሸዋና በለስላሳ ጭቃ ላይ አየሩን ጥቂት ቀንሶ መሄድ ጎማው መሬቱን በሰፊው እንዲይዝ ያደርገዋል፤ ወደ ጠጠር መንገድ ሲመለሱ ግን ወዲያውኑ መሙላት ያስፈልጋል። ጎማው የውስጥ ጎማ ያለው ስለሆነ ከመጠን በላይ ከተቀነሰ በቸርኬው ላይ ተንሸራቶ የአየር መሙያውን ይገነጥላል። ባለ ቀለበት ቸርኬ ያላችሁ ደግሞ ይህን አደራ አስቡ፦ አየር ሲሞላ ቀለበቱ ካልገጠመ እንደ ጥይት ሊወረወር ይችላል። ጎሚስታው ጎማውን በሰንሰለት ሳያስር ወይም በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሳያስገባ አይሙላ፤ ማንም ሰው ፊት ለፊቱ አይቁም።

አራተኛው አካፋ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ክሪክና ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ ነው። ጭቃ ውስጥ ክሪክ ያለ ጣውላ ራሱን ይቀብራል። ይህ ሁሉ በዋጋም በክብደትም ከዊንች ያንሳል፤ ከአንድ ክረምት በላይም ሲያወጣን ቆይቷል።

ለሹፌሮቻችንም ሦስት ነገር አስታውሰን እንለፍ። በፊት ጎማዎቹ መሃል ያለውን መቆለፊያ ከመኪናው ወርዶ በእጅ ማዞር የሚያስፈልገው ጭቃው ውስጥ ከመግባት በፊት ነው፤ ከገቡ በኋላ ቦታው በጭቃ ይሸፈናል። በደረቅና በጠንካራ መንገድ ላይ በአራት ጎማ መንዳት ካምቢዮውንና አክሱን ያስጨንቃል፤ ስለዚህ ሲያበቃ ይመለስ። ቁልቁለትንም የምንወርደው ያንኑ ዳገት ብንወጣው በምናስገባው ማርሽ ነው፤ ማርሹም የሚገባው በአፋፉ ላይ፣ መኪናዋ ገና ቀስ እያለች ሳለች ነው። ፍሬኑ ለመርዳት እንጂ መኪናዋን ብቻውን ለመሸከም አልተሠራም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መኪናዋ ታድሳለች፤ ከዚያ ወዲህም ዓባይን ብዙ ጊዜ ወርዳ ወጥታለች። ነገር ግን የዘይቱ መበላሸት ብቻ አልነበረም ያን ቀን የጎዳን። ያን ቀን ጠዋት ሹፌራችን «ጭነቱ በዝቷል፤ ሰዎቹም በላይ አይውጡ» ብሎን ነበር። እኛ፣ የበላዮቹ፣ «ግድ የለም፣ ቅርብ ነው» ብለን አስነሣነው። እርሱም የታዘዘውን አደረገ። ይህን የምንናገረው በጣም እያፈርን ነው። የትኛውም ፍሬን፣ የትኛውም ባሌስትራ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ አይችልም።

ስለዚህ በፕሮጀክታችን አንድ ደንብ አወጣን። በጭነት ላይ ሰው አይቀመጥም። የሚጫነው መጠን በመኪናዋ ላይ ከተጻፈው አይበልጥም። የመጨረሻው ቃልም የሹፌሩ ነው፤ እርሱ «አይሆንም» ካለ ኃላፊም ይሁን እንግዳ አያስገድደውም።

ደንቡ ለመጻፍ ቀላል ነው፤ መጠበቁ ግን ከባድ ሆኖ አግኝተነዋል። ከጥቂት ጊዜ በፊት በአካባቢያችን ያሉ ሽማግሌዎች ሩቅ ቀበሌ ለቅሶ ለመድረስ አሥራ አራት ሆነው መጡ። ለቅሶ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ እምቢ ማለት ያስነውራል። ሹፌሩ ግን ኮፍያውን አውልቆ፣ «አባቶቼ፣ ከጋቢናው በላይ አልጭንም» አላቸው። አንዱ ሽማግሌ በጣም ተቆጡ። «ለጆንያ ያላችሁ ቦታ ለእኛ ጠፋ?» አሉ። እርሱም ተመላልሶ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ቀኑን ሙሉ አደረሳቸው፤ ለመጨረሻዎቹ ቀብሩ አልፎባቸው ነበር። እስከ ዛሬ የተቀየሙን አሉ። ይህን ቅሬታ ልናስቀረው አልቻልንም። ነገር ግን አሥራ አራቱም በሕይወት ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል።

የምንለምናችሁም ሁለት ነገር ነው።

እናንተ የፕሮጀክት ሠራተኞች፣ ሹፌሩ «አይሆንም» ሲል አክብሩት፤ ስለ እርሱም በሕዝቡ ፊት ቁሙለት። ብቻውን እንዲቀየሙት አትተዉት።

እናንተ በየጉባኤው ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ፣ ለአሮጌ መኪና ስትሰጡ ለሚታየው ብቻ አትስጡ። የፍሬን ዘይት፣ የዘይት መከላከያ ጎማ፣ ቺንጊያና የማጣሪያ መግዣ በየዓመቱ ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱም ፎቶግራፍ ቢነሣ አያምርም፤ በመጽሔታችን ላይ አውጥተን ልናሳያችሁ አንችልም። በዚህ ዓመት የላካችሁት ገንዘብ አብዛኛው በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ዋለ። መኪናዋን ዛሬ ብታዩአት ጎኗ በዓለት እንደ ተፋቀ ነው፤ ቀለም አላስቀባናትም። የሚቀጥለው ቀለም ከሚቀጥለው የፍሬን ዘይት በኋላ እንዲሆን ወስነናል።